ተቀናሹ ይቀነስ

ለንደን፣ 1816 እ.ኤ.አ.

ደወሉ ይደወላል፣ በርሜል ተከፈተ፣
ግብር ይበላል ዛሬ፣ ግብር ስለሞተ።
የፈረንሳይ ጦርነት የወለደው ግብር፣
ከጦርነቱ ጋራ ወረደ መቃብር።

እኔ ጆሳያ ክላተርባክ፣ የግብር ቤት ጸሐፊ፣
ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የጻፍሁትን አጥፊ።
ፓርላማው ወስኗል፦ “አንድ ቅጠል አይቅር፣
ማን ስንት እንዳገኘ ለዘር የሚናገር።”
ጆንያው ጣሪያ ነክቷል፣ ምድጃው ተለኩሷል፣
የሀገሩ ጓዳ በሙሉ እጄ ላይ ፈሷል።

ከእሱ በፊት ምን ነበር? ለሚረሳ ልንገር፦
መስኮት ይቆጠር ነበር ከውጭ፣ ከአጥር ዳር።
ስድስት ያለው ይለፍ፣ ሰባት ያለው ይክፈል፤
ሕዝቡም ግንብ አቆመ በብርሃኑ መሐል።
እናቴ በዳበሳ ክር ታሾልክ ነበር፣
ከዓይኗ ብርሃን ላይ ቀንሳ ለግብር።
ሰዓትም ቀረጥ ነበረው፤ ሰው ጊዜ ሊጠይቅ
ጎረቤት ይሄድ ነበር፣ የራሱን ሲደብቅ።
የዊግ ዱቄት፣ ሠረገላ፣ ውሻና አሽከር፣
የሚታየው አለቀ። ኪስ ብቻ ሲቀር፣
ያ ሕግ ከተፍ አለ፦ “ገቢህን ተናዘዝ፣
ከአሥር አንዱን ክፈል።” የቄስ ነው የንጉሥ ትእዛዝ?

ግን ሕግ አውጪም ልብ አለው፣ ያለውም ይመስላል፣
በሩን ከዘጋ በኋላ ቀዳዳ ይተዋል።
ለጣሪያ ጥገና፣ ለብድር ወለድ፣ ለአሥራት፣
ለሕይወት መድን፣ ለልጅ፣ ተቀናሽ አለበት።
አንቀጽ አንቀጽ ወልዶ፣ “ነገር ግን”ን አዝሎ፣
“ካልሆነ በቀር”ን ደግሞ በብብቱ ጠቅልሎ።
ጠበቃ በነጠላ ሰረዝ ቤት ሠራበት፣
ድሀው ባርኔጣውን ይዞ በር ላይ ቆመበት።

ከኖሪች ጆንያ ውስጥ አንዲት ቅጠል ወጣች፣
በሸማኔ እጅ ጽሑፍ ቁልቁል የተሠራች።

ሄዘካያ ፕላምስቴድ።
ገቢ፦ ሰማንያ ፓውንድ።
ልጆች፦ አምስት።
አምስቱ ላይ ሰረዝ። አጠገቡ አራት።
በኅዳጉ፣ በሌላ ቀለም፦
“ኬዛያ ማክሰኞ ዕለት ዐርፋለች።
ተቀናሹ ይቀነስ።”

አስታውሳለሁ ያን ቀን። ጎረምሳ ነበርሁ፣ ሕጉም አዲስ።
አለቃዬ ጠየቀኝ፣ መነጽሩን ሲያብስ፦
“ኤፕሪል አምስት ቀን ልጅቷ ነበረች በሕይወት?
ከነበረች አምስት ናቸው፤ ካልነበረች አራት።”
ቆጠርሁ። ማክሰኞው ሁለት ነው። ሦስት ቀን ጎደላት።
ሦስት ቀን ብትታመም፣ ብትታገሥ ለሕግ፣
ለአባቷ በተረፈው ጥቂት ሽልንግ።
መዋሸት ይችል ነበር፤ ኖሪች ሩቅ ናት፣
ማን ወርዶ ይለካ ነበር የመቃብር ቁመት?
እኔም በቀይ ቀለም ከሥሩ “ትክክል” አልሁ፣
በዚያች ቃል ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አፈርሁ።

ሹክ ያለኝ ሰው አለ፦ ከወዲያ ምድር ቤት
የሁሉም ግልባጭ አለ፣ ያልደረሰው እሳት።
አውቃለሁ። የዚችን የገለበጥሁት እኔ ነኝ።
ንጹሕ ነው። ሰረዝ የለውም፤ ኅዳጉ ባዶ ነው።
“ልጆች፦ አራት” ይላል፣
ከአራቱ በፊት የነበረውን አይልም።

“የቀረ አለ?” አለኝ አለቃዬ ከደረጃው ላይ።
“ምንም” አልሁት።

ከእሳቱ ድርሻ ላይ፣ ያለ አንቀጽ፣ ያለ ፈቃድ፣
አንዲት ቅጠል ቀነስሁ፣ በእጄ ሳትቀደድ።
ኮቴ ኪስ ውስጥ ናት፤ ደወሉም ይጮኻል፤
ያላስታወቅሁት ገቢ ደረቴ ላይ ይሞቃል።